የ41 ሰዎች ልብ በኮምፒውተር ውስጥ፦ ዲፊብሪሌተር ማን ያስፈልገዋል?

የልብ ጥቃት ደርሶበት የተረፈ ሰው ልቡ ውስጥ ጠባሳ ይዞ ይኖራል። ደም የተቋረጠበት የጡንቻ ክፍል ይሞታል፤ በቦታውም የማይኮማተር፣ ኤሌክትሪክም የማያሳልፍ ጠጣር ሕብረ ሕዋስ ይተካል። አብዛኛው ታማሚ ከዚህ ጠባሳ ጋር ብዙ ዓመት ይኖራል። ጥቂቱ ግን አንድ ቀን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የልቡ ምት ይዛባና በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወቱ ያልፋል። እነዚያን ጥቂቶች አስቀድሞ መለየት ከልብ ሕክምና ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

መከላከያው አለ። ዲፊብሪሌተር የሚባለው፣ በደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ ሽቦውን በደም ሥር ወደ ልብ የሚሰድ መሣሪያ ምቱን ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ አደገኛ መዛባት ሲያይ በኤሌክትሪክ ንዝረት ያስተካክለዋል። በ2002 የታተመው ማዲት 2 የተባለ ጥናት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የልብ ጥቃት ያለፈባቸውን 1,232 ሰዎች ተከታትሎ፣ ያለ መሣሪያ ከታከሙት 19.8 በመቶው፣ መሣሪያው ከተገጠመላቸው ደግሞ 14.2 በመቶው መሞታቸውን አሳየ። በ2005 የወጣውና 2,521 ሰዎችን የያዘው ኤስሲዲ-ሄፍት የተባለ ጥናትም መሣሪያው ሕይወት እንደሚያድን አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ውሳኔው በዋናነት የሚንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት በመቶውን ይረጫል? 35 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መሣሪያው ይመከራል።

ችግሩ ይህ ቁጥር የሚለካው የልብን ጉልበት መሆኑ ነው። ሰውን በድንገት የሚገድለው ግን የኤሌክትሪክ መዛባት ነው፤ ሁለቱ ይዛመዱ እንጂ አንድ አይደሉም። በዚህ መስፈርት መሣሪያ ከተገጠመላቸው ሰዎች መካከል በዓመት በትክክለኛ ምክንያት ንዝረት የሚያገኙት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ የሽቦ መሰበርን፣ የኢንፌክሽንንና ያለ ምክንያት የሚመጣ ንዝረትን አደጋ ተሸክመው ይኖራሉ። በሌላ በኩል የመርጨት መጠኑ 40 ወይም 45 የሆነ ሰው መሣሪያው ሳይታዘዝለት ቤቱ ሊሞት ይችላል።

በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በናታሊያ ትራያኖቫ የሚመራው ቡድን የዚህን ቁጥር ድክመት በሌላ መንገድ ለመሙላት ሞከረ። የእያንዳንዱን ታማሚ ልብ ከኤምአርአይ ምስሉ ተነስቶ በኮምፒውተር ይሠራል፤ የተሠራውን ልብ በኤሌክትሪክ ይነካካል፤ መዛባት ይነሳ እንደሆነ ያያል። ሥራው በ2016 በኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ መጽሔት ታተመ፤ ሙከራው ቫርፕ የሚል አጭር ስም አለው። እዚህ የምንመረምረው ይህን ሥራ ነው፤ ከታማሚው በእርግጥ ምን ተወሰደ፣ ምን ከሌላ ቦታ መጣ፣ ሥራውስ የት ላይ ይሰናከላል?

ምስክሩ መሣሪያ

የተመረጡት 41 ሰዎች የልብ ጥቃት ያለፈባቸው፣ የመርጨት መጠናቸው ከ35 በመቶ በታች የወረደና ዲፊብሪሌተር የተገጠመላቸው ነበሩ። ኤምአርአይ የተነሱት መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ነው። ጥናቱ ወደኋላ የሚመለከት ስለሆነ ሞዴሎቹ ሲሠሩ የታማሚዎቹ እጣ አስቀድሞ ታውቋል።

የአጠናኑ ጥበብ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዲፊብሪሌተር አዳኝ ብቻ ሳይሆን መዝጋቢም ነው፤ ንዝረት በሰጠ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበረውን የልብ ኤሌክትሪክ ይቀዳል። ሐኪሞች ቅጂውን አይተው ንዝረቱ በእውነተኛ አደገኛ ምት የመጣ መሆን አለመሆኑን ይፈርዳሉ። የኮምፒውተሩ ትንበያ የተመዘነው በዚህ ፍርድና በልብ ምክንያት በደረሰ ሞት ነው። መለኪያው ግን ጉድለት አለው። መሣሪያው ያቆመው ፈጣን ምት ሁሉ ሰውየውን ይገድለው ነበር ማለት አይደለም፤ ራሱ በራሱ ይቆም የነበረም አለ። ስለዚህ ሙከራው የሚተነብየው "መሣሪያው የሚሠራበትን ሰው" ነው እንጂ "ያለ መሣሪያ የሚሞተውን ሰው" አይደለም።

ምስሉ

ታማሚው በደም ሥሩ ጋዶሊኒየም የያዘ መድኃኒት ይሰጠዋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጠበቃል። ጤነኛው ጡንቻ በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ያስወጣል፤ ጠባሳው ግን በሕዋሶች መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው ይዞት ይቆያል። በምስሉ ላይ ጤነኛው ጥቁር፣ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጤነኛውን ለማጥቆር ቴክኒሻኑ አንድ የጊዜ መለኪያ ያስተካክላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ሚሊ ሰከንድ ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃል። መድኃኒቱ ከደም እየወጣ ሲሄድ ትክክለኛው ዋጋ ስለሚቀየር በመሃል እንደገና መታየት አለበት። ይህ ከተዘለለ፣ በኋላ ላይ የተነሱት ምስሎች ጤነኛ ጡንቻን ግራጫ አድርገው ያሳያሉ፤ ያ ግራጫ ደግሞ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ በሽታ ይሆናል።

ልቡ የሚነሳው እንደ ዳቦ በቁራጭ በቁራጭ ነው። በአንዱ ቁራጭ ላይ ያለች ነጥብ ስፋቷ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት፤ የቁራጩ ውፍረት ግን በተለመደው አነሳስ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። በሁለት ቁራጮች መካከል ያለውን ቅርጽ ኮምፒውተሩ በሒሳብ ይሞላል። ታማሚው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ትንፋሹን ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ጠለቅ፣ አንድ ጊዜ ቀለል አድርጎ ከያዘ ልቡ በሚሊ ሜትሮች ከፍና ዝቅ ይላል። ቁራጮቹ ሳይስተካከሉ ከተደረደሩ የልቡ ግድግዳ እንደ ደረጃ ይሆናል። ስለዚህ ከምንም ነገር በፊት የውስጥና የውጭ ድንበሮቹን ከጎን ማየት፣ የተንሸራተተውን ቁራጭ ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል።

ግራጫው ቀጠና

ሙሉ በሙሉ የሞተ ጠባሳ ብቻውን ብዙ ጊዜ አደገኛ አይደለም፤ ለኤሌክትሪክ ግድግዳ ነው፣ ሞገዱ ዞሮት ያልፋል። አደገኛው በጠባሳውና በጤነኛው መካከል ያለው፣ የሞቱና የታመሙ ሕዋሶች የተቀላቀሉበት ድንበር ነው። በምስሉ ላይ ነጭም ጥቁርም ስላልሆነ ግራጫ ቀጠና ተብሏል።

ሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል ያለች ጠባብ ቅያስ አስቡ። ዋናው መንገድ ላይ ሞገዱ በፍጥነት ይሄዳል፤ ቅያሷ ውስጥ ግን ይንፏቀቃል። ቀድሞ የመጣ አንድ ምት ቅያሷን በአንድ ጫፍ ዝግ ሆና ያገኛታል፣ ገና ከቀደመው ምት አላገገመችምና። በዋናው መንገድ ዞሮ ግን በሌላኛው ጫፍ ይገባባታል፤ ዝግ ብሎ ሲያቋርጣት የመጀመሪያው ጫፍ አገግሞ ይጠብቀዋል። ሞገዱ ይወጣል፣ እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ይገባል። ይህ የማያቋርጥ ሽክርክሪት ነው ልብን በደቂቃ 180 ወይም 200 ጊዜ የሚያስመታው።

በቁጥር ማየት ይቻላል። በጤነኛ የታችኛው ክፍል ጡንቻ ሞገዱ በክሩ አቅጣጫ በሰከንድ 0.6 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። አንድ ቦታ ከተነቃቃ በኋላ ለ0.3 ሰከንድ ያህል ሌላ ምት አይቀበልም ብንል፣ 0.6 በ0.3 ሲባዛ 18 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ሽክርክሪት እንዲኖር የዙሩ መንገድ ቢያንስ 18 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት ማለት ነው፤ በጤነኛ ግድግዳ ውስጥ ለዚያ የሚሆን ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 0.2 ሜትር ከወረደ ግን የሚያስፈልገው 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን የሚያክል ዙር አንድ መካከለኛ ጠባሳ ዙሪያ ላይ ይገኛል።

ለዚህ ነው ግራጫውን ከነጩ የሚለየው መስመር የሥራው ሁሉ ጣጣ ያለበት። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ እንዲህ ይሄዳል፦ በታመመው አካባቢ ያለው ከፍተኛ ብርሃን ይወሰዳል፤ ከግማሹ በላይ የሆነው ሁሉ ጠባሳ ይባላል፤ ከጤነኛው ጡንቻ ከፍተኛ ብርሃን በላይ ሆኖ ከግማሹ በታች ያለው ግራጫ ይባላል። ለምሳሌ ከፍተኛው 200፣ የጤነኛው ጣሪያ 70 ከሆነ፣ ከ100 በላይ ያለው ጠባሳ፣ ከ70 እስከ 100 ያለው ግራጫ ነው። አሁን አንዲት የተሳሳተች ነጥብ 260 ብታሳይ የጠባሳው መስመር ወደ 130 ይወጣል። በ100ና በ130 መካከል የነበረው ጠባሳ በሙሉ በአንዴ ግራጫ ሆነ፤ ግድግዳ የነበረው ቅያስ ሆነ፤ ጸጥ ያለው ልብ አደገኛ ሆነ። መስመሩን በአንዲት ነጥብ ላይ አለመጣል፣ ከፍተኛውን ዋጋ ከብዙ ነጥቦች ስብስብ መውሰድ ግዴታ ነው።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። በልቡ ውስጥ ያለው ደምም በዚህ ምስል ላይ ብሩህ ነው፤ የውስጥ ድንበሩ በአንዲት ነጥብ ወደ ውስጥ ከተሳሳተ ደሙ እንደ ቀጭን ጠባሳ ይቆጠራል። ከውጭ በኩል ስቡ ተመሳሳይ ስህተት ያመጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን 8 ሚሊ ሜትር በሆነው ውፍረት ውስጥ ግማሹ ጠባሳ፣ ግማሹ ጤነኛ የሆነበት ነጥብ ነው። አማካዩ ግራጫ ይሆናል፤ በልቡ ውስጥ ግን እዚያ ቦታ ላይ ምንም ግራጫ የለም፣ ጥርት ያለ ድንበር ብቻ ነው ያለው። ተቃራኒውም ይሆናል፦ በቁራጩ ጎን ለጎን የምትሄድ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች እውነተኛ ቅያስ በውፍረቱ ውስጥ ሟሙታ ትጠፋለች። በሦስቱም አቅጣጫ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጥራት ያለው አነሳስ ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ የሚያስከፍለው ረዘም ያለ የመነሻ ጊዜ ነው።

ከታማሚው ያልመጣው

ቅርጹ ከተገኘ በኋላ ልቡ በጥቃቅን ባለ አራት ፊት ቁርጥራጮች መረብ ይሞላል። የእያንዳንዱ ቁርጥራጭ ጎን በአማካይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስለሆነ አንድ ልብ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ይኖሩታል። መረቡ ለምን ይህን ያህል ይደቃል? የሚነሳው ሞገድ ግንባሩ ስስ ነው፤ መረቡ ከሰፋ ኮምፒውተሩ ግንባሩን በትክክል መያዝ ስለማይችል ሞገዱ ያለ ምክንያት ይዘገያል ወይም ይቆማል። በ2011 በ11 የተለያዩ የልብ ኤሌክትሪክ ፕሮግራሞች ላይ በተደረገ ንጽጽር፣ 20 በ7 በ3 ሚሊ ሜትር በሆነች ትንሽ የጡንቻ ቁራጭ ላይ እንኳ ነጥቦቹ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲራራቁ የፕሮግራሞቹ መልስ ተራራቀ፤ ወደ 0.1 ሲወርድ ተቀራረበ። ይህን ትንሽ ሙከራ ሳያልፉ ሙሉ ልብ ላይ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የጡንቻ ክሮች አቅጣጫ ይመጣል። ሞገዱ በክሩ ርዝመት ፈጥኖ፣ በጎኑ ደግሞ ዘግይቶ ስለሚሄድ አቅጣጫው ካልተሰጠ ሞዴሉ ዋጋ የለውም። በሕይወት ያለን ሰው ክር በተለመደው ኤምአርአይ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ክሩ በሕግ ይሰጣል፦ ከውስጠኛው ገጽ በ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ እየተጠማዘዘ ውጨኛው ገጽ ላይ ወደ ተቃራኒው 60 ዲግሪ ይደርሳል። ሕጉ የተገኘው ከተጠኑ ልቦች ነው። ለ41ዱም አንድ ዓይነት ነው።

የሕዋሱ ኤሌክትሪክም እንዲሁ። ለጤነኛው ጡንቻ የተወሰደው በቴን ቱሸርና ባልደረቦቹ የተሠራው የሰው ልብ ሕዋስ ሒሳባዊ ሞዴል ነው። ለግራጫው ቀጠና ደግሞ የሕዋሱ የኤሌክትሪክ ጅረቶች ተቀንሰዋል፤ የሶዲየሙ ወደ 38 በመቶ፣ የካልሲየሙ ወደ 31 በመቶ፣ ሁለቱ የፖታሲየም ጅረቶች ወደ 30ና ወደ 20 በመቶ። በግራጫው ቀጠና በክሩ ጎን ያለው የማስተላለፍ አቅም በ90 በመቶ ወርዷል፤ ሕዋሶቹ ጎን ለጎን የሚገናኙባቸው በሮች ስለሚመናመኑ ነው። ጠባሳው ምንም አያሳልፍም። ከላይ ያሉት የጅረት ቁጥሮች የተለኩት ጥቃት ከደረሰባቸው የውሻ ልቦች በተወሰዱ ሕዋሶች ላይ ነው።

ስለዚህ "የታማሚው የራሱ ልብ" ሲባል የእርሱ የሆነው የግድግዳው ቅርጽ፣ የጠባሳውና የግራጫው አቀማመጥ ነው። ክሩ፣ ሕዋሱ፣ ፍጥነቱ የጋራ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ሲሰማ ሞዴሉ የተጭበረበረ ይመስለዋል። እኛ ግን የሥራው ጥንካሬ እዚህ ላይ ነው እንላለን። ከአንድ ሰው ላይ በአስተማማኝ ሊለካ የማይችል ነገር ለየብቻ "ለማስተካከል" ቢሞከር ለእያንዳንዱ ልብ ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች ይፈጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ የተፈለገውን መልስ ማምጣት ቀላል ይሆናል። ሁሉም ልብ አንድ ዓይነት ሕዋስ ሲሰጠው ግን በልቦቹ መካከል የሚታየው ልዩነት በሙሉ ከቅርጹና ከጠባሳው የመጣ ነው። የሚመዘነው ሐሳብም ያ ነው፦ የጠባሳው አቀማመጥ ብቻውን አደጋን ይናገራል ወይ?

የሚከፈለው ዋጋም ግልጽ ይሁን። ታማሚው ከኤምአርአይ ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የሚወስደው መድኃኒት፣ የደሙ ፖታሲየም፣ በዘር የወረሰው የሕዋስ ጠባይ፣ ሁሉም ከሞዴሉ ውጭ ናቸው።

19 ቦታዎች

በሆስፒታል ታማሚውን በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሲፈትኑ አብዛኛውን ጊዜ ልቡን የሚያነቃቁት ከቀኙ የታችኛው ክፍል ከአንድ ወይም ከሁለት ቦታ ነው፤ ወራሪ ሥራ ስለሆነ ከዚያ በላይ መነካካት ይከብዳል። በኮምፒውተር ይህ ገደብ የለም። በቫርፕ እያንዳንዱ ልብ ከ19 ቦታ ተነቃቃ፤ 17ቱ በተለመደው የልብ ሐኪሞች አከፋፈል መሠረት በግራው ክፍል፣ 2ቱ በቀኙ። ለ41 ልቦች 779 ፈተና ማለት ነው።

እያንዳንዱ ፈተና እንዲህ ይካሄዳል። መጀመሪያ 6 ምቶች በ600 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ይሰጣሉ፤ ልቡ እንዲረጋጋ። ከዚያ አንድ ቀዳሚ ምት፣ ማለትም ጊዜው ሳይደርስ የሚመጣ ምት፣ በ300 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይመጣል። ሽክርክሪት ካልተነሳ ልዩነቱ በ10 በ10 ሚሊ ሰከንድ ይጠባል፤ ወይ መዛባቱ እስኪነሳ፣ ወይ ጡንቻው ምቱን መቀበል እስኪያቆም። አሁንም ካልተነሳ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀዳሚ ምት ይታከላል። ከ19ኙ ቦታዎች ከአንዱ እንኳ የሚዘልቅ ሽክርክሪት ከተነሳ ልቡ "አዎንታዊ" ይባላል።

ቦታው ብዙ መሆኑ ለታይታ አይደለም። ቅያሷ ዝግ ሆና የምትገኘው ሞገዱ ከተወሰነ አቅጣጫ ሲመጣ ነው፤ ከቀኙ ጫፍ ለተነሳ ሞገድ ምንም የማትሆን ጠባሳ ከግራው የጎን ግድግዳ ለተነሳ ሞገድ ወጥመድ ትሆናለች። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። የማነቃቂያው ቦታ ጠባሳ ላይ ከወደቀ ምቱ አይያዝም፤ ፕሮግራሙም "መዛባት የለም" ብሎ ያልፋል። በእያንዳንዱ ፈተና የመጀመሪያዎቹ 6 ምቶች ሙሉ ልቡን ማዳረሳቸው ሳይረጋገጥ የወጣ "አሉታዊ" መልስ ባዶ ነው። ቦታው በአቅራቢያው ወዳለ ሕያው ጡንቻ መዛወር አለበት።

ምን ወጣ

በሙከራው አዎንታዊ የሆኑት ሰዎች ከአሉታዊዎቹ ይልቅ ለአደገኛ መዛባት የነበራቸው ዕድል ከ4 እስከ 5 እጥፍ ነበር። የመርጨት መጠኑን ጨምሮ የተነጻጸሩት ሌሎች የክሊኒክ መለኪያዎች ያን ያህል አልለዩም። የጠባሳው ብዛት ብቻውን አለመብቃቱ ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ነው፤ ሁለት ልቦች ተቀራራቢ መጠን ያለው ጠባሳ ይዘው አንዱ ሽክርክሪት ያስነሳል፣ ሌላው ፈጽሞ እምቢ ይላል። ልዩነቱ የሚመጣው ግራጫው በነጩ ውስጥ እንዴት እንደተሰካ ነው።

41 ሰው ግን ትንሽ ነው። ሁሉም የመርጨት መጠናቸው ዝቅ ያለ፣ ሁሉም የልብ ጥቃት ያለፈባቸው ናቸው። የሞዴሉ ቁጥሮች የተዘጋጁት ለዚህ ዓይነት ጠባሳ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ወጣት ላይ ለሚታየው በቁርጥማት ትኩሳት ለሚመጣ የልብ በር በሽታ ሊሠራ ይችላል ብሎ መውሰድ ስህተት ነው፤ በዚያ በሽታ የሚጎዳው ሌላ ቦታ፣ የሚጎዳበትም መንገድ ሌላ ነው። ሙከራው የሚያየውም መሬቱን ብቻ ነው፤ እሳቱን የሚጭረው ቀዳሚ ምት በታማሚው ደረት ውስጥ መቼና በምን ያህል ብዛት እንደሚመጣ አይነግርም።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለሚኖርና ዲፊብሪሌተር ለታዘዘለት አንባቢ ከዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ የቅደም ተከተል ነገር ነው፦ የጠባሳ ኤምአርአይ የሚያስፈልግ ከሆነ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ቢነሳ ይሻላል። የመሣሪያው ብረት ከገባ በኋላ የግራውን የፊት ግድግዳ በሐሰተኛ ብርሃን ይሸፍነዋል፤ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ የአነሳስ ዘዴ አለ፣ ሁሉም ማዕከል ግን የለውም። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ደግሞ ጋዶሊኒየም ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ሥራውን ራሱ ሊሞክር ለሚፈልግ መሐንዲስ፣ የቡድኑ ስሌት የተሠራበት ካርፕ የተባለው ፕሮግራም ዛሬ ኦፕንካርፕ በሚል ስም ለትምህርትና ለምርምር በነጻ ይገኛል። ድንበር ለመሳል አይቲኬ-ስናፕ ወይም ስላይሰር የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። መጀመሪያ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ማለስለሻው ላይ ነው፤ መረቡ ከመሠራቱ በፊት ቅርጹ ሲለሰልስ የአንዲት ወይም የሁለት ነጥብ ስፋት ያላት ቅያስ ትደፈናለች፣ ልቡም ሳይገባው ጤነኛ ይሆናል። ከማለስለሱ በፊትና በኋላ የግራጫውን ይዘትና ከጤነኛው ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች ቆጥሮ ማነጻጸር ይህን ያጋልጣል።

ከትንበያ ወደ ማቃጠል

ሽክርክሪቱ የት እንደሚዞር ካወቅን ቅያሷን መዝጋትም ይቻላል። በሕክምናው አብሌሽን የሚባለው ይህ ነው፦ በካቴተር ጫፍ ሙቀት ያቺን ጠባብ ሥጋ ማቃጠል። ይኸው ቡድን በ2018 በኔቸር ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ያወጣው ሥራ ይህን እርምጃ ወሰደ። ሥራው ቀደም ሲል የታከሙ 21 ታማሚዎችን ልብ ወደኋላ ሄዶ ካጠና በኋላ በ5 ታማሚዎች ላይ የኮምፒውተሩ ዕቅድ ሕክምናውን እንዲመራ አደረገ።

በኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ ማቃጠል ቀላል ነው፤ የተመረጠው ቦታ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ይደረጋል። ከዚያ ፈተናው በሙሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ይህ ድግግሞሽ መዘለል የለበትም፤ የመጀመሪያው ዙር ሲዘጋ ተደብቆ የነበረ ሌላ ዙር ሊነሳ ይችላል፤ የተቃጠለው ቦታ ራሱም አዲስ ግንብ ሆኖ ከአሮጌው ጠባሳ ጋር አዲስ ቅያስ ሊሠራ ይችላል። ከሚነቃቁት ቦታዎች ከአንዱም ሽክርክሪት የማይነሳበት ደረጃ እስኪደረስ ድረስ ዒላማ ይታከላል፤ ግቡም የሚቃጠለው ሥጋ በተቻለ መጠን ትንሽ እንዲሆን ነው።

ዒላማዎቹ በመጨረሻ ካቴተሩን ወደሚመራው የካርታ መሣሪያ ይገባሉ። የኤምአርአዩ ልብና በካቴተር የተነካካው ልብ እዚህ ይደራረባሉ፤ አንዱ ትንፋሽ ተይዞ፣ ሌላው ታማሚው እየተነፈሰ የተነሳ ስለሆነ ፍጹም አይገጥሙም። 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር የሆነ መንሸራተት ካቴተሩን ከቅያሷ አውጥቶ ግንቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ሞቶ ያለውን ሥጋ ማቃጠል ደግሞ ምንም አይለውጥም። ሌላው ልዩነት ጥልቀት ነው። በኮምፒውተሩ ልብ የተቃጠለው ቦታ ምንም ምት አያሳልፍም፤ በእውነተኛው ልብ ግን ሙቀቱ ወፍራም ግድግዳ ዘልቆ ሳይጨርስ ከጀርባ ሕያው ሥጋ ሊተርፍ ይችላል። ለዚህ ከማቃጠሉ በኋላ ታማሚው ጠረጴዛው ላይ እያለ ልቡ እንደገና በካቴተር ይፈተናል። በአምስቱም ታማሚዎች ዒላማዎቹ ከተቃጠሉ በኋላ በዚህ ፈተና ያ አደገኛ ፈጣን ምት ሊነሳ አልቻለም።